ኮፈኑ ላይ የቀረው ምልክት፦ መኪናን በቤት ሳሙና ስለማጠብ

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሊሆን አንድ ቀን ቀርቶታል። መኪናዬ ከአጃቢዎቹ አንዷ እንድትሆን ተጠይቄ እሺ ብያለሁ። ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ናት። ዕቁብ ወጥቶልኝ፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድሬ ነው የገዛኋት። ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር ከእኔ ጋር።

በሰርግ ሰሞን ላቫጆ ሰልፉ አይጣል ነው። አይቼ ተመለስኩና ግቢ ውስጥ ራሴ ላጥባት ወሰንኩ። አዲስ ነገር አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የማጥባት ራሴ ነበርኩ። አንድ ጭብጥ የዱቄት የልብስ ሳሙና በባልዲ ውሃ እበጠብጣለሁ፣ የወጥ ቤት ስፖንጅ እይዛለሁ፣ በቃ። አረፋው ብዙ ስለሆነ በደንብ የጸዳች ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ሰዓቱ ስድስት ሆኗል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጣራዋንና በሮቿን ሳሽ ኮፈኑ ላይ የቀባሁት አረፋ ደረቀ። ነጭ መስመር መስመር ሠርቶ ቀረ። ውሃ ደፋሁበት፣ አልለቅም አለ። ልብስ ገና አልተኮሰም፣ ፀጉር ቤት ቀጠሮ አለኝ። ስፖንጁን ገለበጥኩና በአረንጓዴው ሻካራ ጎን ፈተግሁት። ነጩ ለቀቀ። ውሃው ሲደርቅ ግን ኮፈኑ መሐል ላይ የትሪ ስፋት ያለው ቦታ አመድ መስሎ ወጣ። ዙሪያው ያበራል፣ መሐሉ ፈዟል።

በማግስቱ የሰርጉን አበባ እዚያው ላይ አሰርንበት። ለዕለቱ ተሸፈነ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ግቢያቸው ውስጥ መኪናቸውን በቤት ባለ ሳሙና ለሚያጥቡ ነው። ብዙ ነን። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ላቫጆ በየሳምንቱ መሄድ ኪስ ይጎዳል፣ የመኪና ሻምፑ ደግሞ በየሱቁ አይገኝም። ቤት ካለው አንዳንዱ መኪና ላይ ቢውል ምንም አይልም። አንዳንዱ ግን የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። የትኛው የት እንደሚሆን ያወቅሁት ከዚያ ትሪ ከሚያክል ምልክት በኋላ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ቅጥቀጣና ቀለም የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰርጉ ባለፈ ሰኞ ወሰድኩላቸው። ኮፈኑን ጎንበስ ብለው ከጎን አዩት። ወደ ብርሃን ዞረው ደግመው አዩት።

«በምንድን ነው የምታጥቢያት ልጄ?»

«በልብስ ሳሙና።»

«በየስንት ጊዜው?»

«በየሳምንቱ።»

ምንም አላሉም። በሃይላንድ ውሃ አመጡና የፈዘዘው ቦታ ላይ አፈሰሱ። ወዲያው ጥቁር ሰማያዊው ተመለሰ። እንደ አዲስ ሆነ። ቆመን ጠበቅን። ውሃው ከዳር ወደ መሐል እየደረቀ ሲመጣ አመዱ አብሮት ተመለሰ።

«አየሽ፣ ውሃ ሲገባበት የሚጠፋ ከሆነ ጭረቱ ላይ ላዩን ነው። ቀለሙ ጋ አልደረሰም። እስቲ ጥፍርሽን አሳልፊበት። ያዘሽ?»

«አልያዘኝም።»

«ይመለሳል እንግዲህ። ድሮ እንደነበረው ግን አልልሽም።»

እነዚህን ሁለት ፍተሻዎች ልብ በሉልኝ። የትም ሆናችሁ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ጭረት ምን ያህል እንደገባ ይነግሯችኋል። ውሃ ሲነካው የሚጠፋና ጥፍር የማይዘው ጭረት በፖሊሽ፣ ማለትም ገጹን በስሱ ፍቆ በሚያለሰልስ ቅባት፣ ይስተካከላል ወይም ይቀንሳል። ጥፍር የሚይዘው ግን ወደ ቀለም ሠሪ የሚሄድ ነው።

ቀጥለው ጋሼ መኪናዋን ወደ ጥላው አስገቡና ስልኬን ተቀበሉኝ። ባትሪውን አብርተው በሩ ላይ አስጠጉት። በብርሃኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን ክብ ክብ ጭረቶች ታዩ። በሩ ላይ፣ ጣራው ላይ፣ ኮፈኑ ላይ፣ ባትሪው በዞረበት ሁሉ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላየሁትም። ቀን በፀሐይ ስመለከታት «ቀለሟ ደከም ብሏል» ነበር የምለው።

«ይኼኛው የሳሙናው አይደለም» አሉኝ። «የጨርቅሽ ነው።»

ስለ ሳሙና ልጠይቅ ሄጄ ስለ ጨርቅ ተነግሮኝ መጣሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚበልጠው ቁም ነገር እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ቀለም አንድ ድርብ አይደለም። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት የሚከላከለው ቅብ አለ። በላዩ ቀለሙ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ቅብ አለ። መኪና የሚያብረቀርቀው በዚህ በላይኛው ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ ሚሊሜትር 1,000 ማይክሮን ስለሆነ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። እኔ በሻካራ ስፖንጅ የፈተግሁት ይህንን ነው። ፖሊሽ በተደረገ ቁጥርም ጥቂት ይነሣለታል። ስለዚህ ፖሊሽ ደጋግመው የሚሠሩት ነገር አይደለም።

በጣም አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ የላይኛው ቅብ ላይኖር ይችላል። ለማወቅ በማይታይ ቦታ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ እዩ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ የላይኛው ቅብ የለም ማለት ነው፤ የምትፍቁት ራሱን ቀለሙን ነው። የእኔዋ ላይ ጨርቁ ቆሸሸ እንጂ ሰማያዊ አልሆነም።

አሁን ወደ ዱቄት ሳሙናው ልመለስ። የልብስ ሳሙና የተሠራው ላብና ዘይት ከጨርቅ ውስጥ እንዲያወጣ ነው። ለዚያ ኃይለኛ መሆን አለበት። ፒኤች የሚባለው መለኪያ ላይ 7 የንጹሕ ውሃ ነው። የዱቄት ሳሙና ሲሟሟ ብዙውን ጊዜ 10 እና 11 አካባቢ ይደርሳል። መለኪያው አንድ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚሆን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ቀለሙን እንዲጠብቅ መኪናው ላይ የተቀባውን ሰም ጠርጎ ይወስዳል። የበሩን ጎማና የፓራውልቱን ጥቁር ፕላስቲክ እያደረቀ ያነጣዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ዱቄቱ በደንብ አይሟሟም። ጣታችሁን ባልዲው ሥር ከታችሁ ብትዳስሱ እንደ አሸዋ ይሻክራችኋል። ያን ይዞ መኪና ማሸት ነው እንግዲህ።

አንድ ጊዜ በልብስ ሳሙና ያጠበ ሰው መኪናውን አበላሸ አልልም። የእኔን ያበላሸው በየሳምንቱ መሆኑ፣ በፀሐይ መሆኑና አረፋው እየደረቀ መቅረቱ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳንም ቀለምንም የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰሟን ያጣች መኪና ለዚህ ፀሐይ ራቁቷን ተሰጠች ማለት ነው።

የግቢው ባለቤት እማማም በዱቄት ሳሙናው ደስተኛ አልነበሩም። ውሃው እየወረደ ጤና አዳማቸው ሥር ይቆም ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ልጄ፣ ይኼ ውሃሽ ነው» ብለውኛል። ሳሙናውን ከቀየርኩ በኋላም አሁን ወደ ጓሮው እንዳይሄድ መኪናዋን ከበሩ አጠገብ ነው የማቆማት።

የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ እኛ ቤት ሁሉም ላርጎ ነው የሚባለው፣ ከዱቄቱ በብዙ ይሻላል። ኃይሉ ለስለስ ያለ ነው፣ ውሃ ውስጥም ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ግን የተሠራው ቅባት ለማስለቀቅ ነው፤ ሰምንም እንደ ቅባት ቆጥሮ ያነሣዋል። ስለዚህ ለየሳምንቱ አይሆንም። እኔ የምጠቀመው መኪናዋን አዲስ ሰም ልቀባት ስል ነው። አሮጌው ሰም መነሣት ስላለበት ያኔ በትክክል ቦታው ነው። ሌላ ምንም ከሌለኝም እጠቀመዋለሁ። ለ10 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማድረግ ለማለቅለቅ ውሃ መጨረስ ነው።

የፀጉር ሻምፑም ሞክሬያለሁ። ጉዳት አላየሁበትም። አረፋው ግን ቶሎ አይለቅም፣ ውሃ ይፈጃል። ለእኛ ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የመኪና ሻምፑ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። አንድ ጠርሙስ ውድ ይመስላል፣ ግን ለአንድ ባልዲ የሚገባው አንድ ሁለት ክዳን ብቻ ስለሆነ ወራት ቆይቶልኛል። ከቤት ሳሙና የሚለየው ሰሙን አለመንካቱ ነው። በዚያ ላይ ያሟልጫል፤ ጨርቁ ቀለሙ ላይ ሳይጎተት ይንሸራተታል። አቅም ካለ አንድ ነገር ግዙ ብባል የምመክረው እሱን ነው። አቅም ከሌለ ግን ከሳሙናው በፊት ጨርቁንና አስተጣጠቡን አስተካክሉ። ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል።

እኔ አሁን እንዴት እንደማጥብ ልንገራችሁ። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃኛል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው የምጀምረው። መጀመሪያ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፋለሁ። ከሞቀ እጠብቃለሁ። ከመንገድ ተመልሳ ሞተሩ የጋለ ከሆነም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ጀሪካን ያለ ሳሙናና ያለ ጨርቅ ያልቃል። የባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ክዳን በጋለ መርፌ ቀዳድቼ እንደ መታጠቢያ ቤት ሻወር አድርጌዋለሁ። በእሱ ከጣራ ጀምሬ ወደ ታች አፈሳለሁ። አቧራውና ጭቃው ርሶ በራሱ እንዲወርድ ነው። ሰፈራችን ግንባታ አለ፤ በበጋ መኪናዋ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነው። እሱ ሳይወርድ ጨርቅ ማሳረፍ በብርጭቆ ወረቀት እንደመፈተግ ነው። የሸረሪት ድሩ ያ ነበር። ሳሙናው ቢቀየርም ይህን ካላደረጋችሁ ጭረቱ አይቆምም።

ከዚያ ሁለት ባልዲ አቀርባለሁ። አንዱ ሳሙና ያለው፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ጨርቁን ሳሙናው ውስጥ ነክሬ አንድ ቦታ አሻለሁ፤ ወደ ሳሙናው ከመመለሴ በፊት ንጹሑ ባልዲ ውስጥ አለቀልቀዋለሁ። ሲያልቅ ያ ንጹሕ የነበረው ባልዲ ሥር የሚጠራቀመውን አሸዋ ብታዩት ትደነግጣላችሁ። በፊት ያ ሁሉ መልሶ ቀለሙ ላይ ነበር የሚሄደው።

ከላይ ወደ ታች ነው የምሄደው። የበሮቹ የታችኛው ክፍልና ፓራውልቱ በመጨረሻ ይታጠባሉ፤ አሸዋ የሚበዛው እዚያ ነው። እጄን በክብ አላዞርም፣ ቀጥ አድርጌ ነው የምወስደው። አንዱን ጎን አሽቼ እንደጨረስኩ ወዲያው አለቀልቃለሁ፣ አረፋ የሚደርቅበት ጊዜ አልሰጠውም። ለቸርኬው ሌላ ጨርቅ አለኝ። የፍሬን ሸራው ብናኝ ውስጥ ብረት ስላለ የእሱ ጨርቅ ቀለም አይነካም። ጨርቅ ከእጄ መሬት ከወደቀ ደግሞ የዚያን ቀን ሥራው አብቅቷል፤ ወደ ማጠቢያ ሳፋ ይሄዳል።

ጨርቁ የድሮ የጥጥ ካናቴራ ሊሆን ይችላል። ስፌቱና ጽሑፍ የታተመበት ቦታ ይቆረጥ። የትራፊክ መብራት ላይ የሚሸጡት ማይክሮፋይበር ፎጣዎችም ጥሩ ናቸው፤ ዳሩ ላይ ያለውን ጠንካራ ምልክት ቁረጡለት። እነዚህን ከሌላ ልብስ ጋር አታጥቧቸው። ልብስ ማለስለሻ ከነካቸው ውሃ መምጠጥ ይተዋሉ። በመጨረሻ በንጹሕ ደረቅ ፎጣ መድረቅ አለባት። በፀሐይ እንድትደርቅ ከተተወች የጉድጓድ ውሃ ነጭ ነጠብጣብ ይተውባታል።

ስለ ደረቅ ጨርቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ልቤ ውስጥ ያለ ጉዳይ ስለሆነ። ሥራ ቦታዬ አካባቢ መኪና የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ከአቆምኩ በኋላ በያዙት ጨርቅ አቧራውን ጠረግ ጠረግ ያደርጉልኝ ነበር። ሥራቸው ነው፣ ለእንጀራቸው ነው፣ በደንብ ይገባኛል። ጨርቁ ግን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲሄድ የሁሉንም አሸዋ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱን ጠርቼ «የኔ ወንድም፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ፣ በደረቁ ግን አትጥረግልኝ» አልኩት። መጀመሪያ ቅር አለው። በሩ ላይ በስልኬ ብርሃን ጭረቱን አሳየሁት። ቆይቶ ሁለት ፎጣና አንድ ሃይላንድ ውሃ ሰጠሁት። አሁን መስታወቱንና ስፖኪዮውን በእርጥቡ ያጸዳልኛል፣ ቀለሙን አይነካም። ለሌሎች መኪኖችም እንደዚያ ማድረግ ጀምሯል።

የኮፈኑን ምልክት ጋሼ በእጅ ፖሊሽ አድርገው ሰም ቀቡት። አሁን ማታ ማታ ከጎን ካልታየ አይታወቅም። ሰሙን በየሦስት ወሩ እኔው እቀባለሁ። ጊዜው መድረሱን የምታውቁት ውሃ ስታፈሱባት ነው። ሰም ካላት ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ክብ እየሆነ ይንከባለላል። ሰሙ ካለቀ ተዘርግቶ ይቀመጣል።

ወደ ሌሎቹ የቤት ዕቃዎች ልሂድ። አቼቶ ለመስታወት እጅግ ጥሩ ነው። እኩል ውሃና እኩል አቼቶ ቀላቅዬ የውሃውን ነጭ ነጠብጣብ አነሣበታለሁ። በጋዜጣ ሲጠረግ መስመር አይተውም። ቀለሙ ላይ ከፈሰሰ ግን ወዲያው በውሃ ይታጠብ፣ አሲድ ነው። የአሞኒያ ሽታ ያለውን የመስታወት ማጽጃ ደግሞ ከውስጥ ጥቁር ላስቲክ የተለጠፈበት መስታወት ላይ አታድርጉ። ላስቲኩን ያላቅቀዋል።

ቢጫ የሆነውን የፊት መብራት በጥርስ ሳሙና ሞክሬዋለሁ። ይሠራል። ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍኜ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሩብ ሰዓት ያህል አሽቼ ብሩህ ሆነልኝ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ግን ቢጫው ተመለሰ። ምክንያቱም የጥርስ ሳሙና የሚፍቀው የተቃጠለውን ገጽ ነው፤ ከፀሐይ የሚከላከለውን ቅብ አይመልስም። ለቦሎ ምርመራ ወይም ለሩቅ የማታ መንገድ ጊዜያዊ መላ ነው። ለዘለቄታው የፀሐይ መከላከያ መቀባት አለበት።

አዲስ አስፋልት ላይ ነድታችሁ ሬንጅ ከተለጠፈባት በቢላም በጥፍርም አትፋቁ። ጥቂት የምግብ ዘይት በጨርቅ ነክራችሁ አምስት ደቂቃ አሳርፉበት። ይለሰልስና ይጠረጋል። ከዚያ በላርጎ እጠቡት። ነጭ ጋዝም ያስለቅቃል፣ ግን ከእሳት ርቆ፣ በጥቂቱ፣ ጎማና ፕላስቲክ ሳይነካ። የወፍ ኩስም ያው ነው፤ ሲደርቅ አትፋቁት። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ጠብቁና ወደ ላይ አንሡት። ሳይውል ሳያድር ይነሣ፣ ቀለም ይበላል።

ጎማን በናፍጣ ማጥቆር የተለመደ ነው። ለዕለቱ ያምራል። ጎማን የሚያደርቅና የሚሰነጥቅ ስለሆነ እኔ አላስነካም። ክሩስኮቱንም በዘይት ወይም በቫዝሊን አታብሱ። አቧራ ይሰበስባል፣ ከፀሐይ ጋር ደግሞ የፊት መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ይወጋል። በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መሪዬን በየቀኑ በሳኒታይዘር ነበር የማብሰው። ያኔ ሌላ መኪና ነበር የምነዳው፣ የመሥሪያ ቤት። በጥቂት ወር ውስጥ የመሪው ቆዳ ተላጠ። አልኮል ለቆዳና ለጥርት ያለ ፕላስቲክ አይሆንም።

የባትሪ ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ነገር ሲያብብ ቤኪንግ ሶዳ ይፈታዋል። ሞተሩን አጥፉ፣ ጓንት አድርጉ፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ይፈላል፣ አትደንግጡ፣ አሲዱን እየገደለው ነው። የባትሪው ክዳኖች መዘጋታቸውን ግን አረጋግጡ፤ ውስጥ መግባት የለበትም። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቫዝሊን ቀቡት። ስትመልሱ ፖዘቲቩ ይቀድማል።

የቀረኝ በረኪና ነው። እሱን በመጨረሻ ያደረግሁት ከሁሉም በላይ ስለሚያሳስበኝ ነው።

ባለፈው ክረምት መኪናዋ ሁለት ሳምንት ቆማ ነበር። መስታወት ትንሽ ክፍት ሆኖ ዝናብ ገብቷል። ስከፍታት የሻጋታ ሽታ መታኝ። የኋላው መቀመጫና ቀበቶዎቹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል። ታናሽ ወንድሜ ሊያግዘኝ ብሎ በረኪና በውሃ ቀላቅሎ መቀመጫውን ጀመረ። ሻጋታው ጠፋ። ከእሱ ጋር የመቀመጫው ግራጫም ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ቢጫማ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ወደ ቀበቶው ሲሄድ ነው የደረስኩት።

በረኪና የቀበቶን ክር ያደክማል። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ምንም የሆነ አይመስልም። ግጭት ሲመጣ ግን የሰውን ክብደት መያዝ ያለበት ያ ክር ነው። የእህቴ ልጆች እዚያ መቀመጫ ላይ ነው የሚሄዱት። በበረኪና የታሸ ቀበቶ ካላችሁ አስቀይሩት።

በረኪናን ከአቼቶም ሆነ አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አንድ ላይ አታድርጉ። ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋርም ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል። ሰፊ ግቢ ውስጥ እንኳን አደገኛ ነው፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማምለጫ የለውም። በረኪና ብረትንም ይበላል፣ አልሙኒየም ቸርኬንም ያጠቁራል። መኪናዬ አጠገብ ጭራሽ አይደርስም።

መቀመጫው ሽታ ብቻ ከሆነ ያለው ደረቅ ቤኪንግ ሶዳ በትናችሁ አሳድሩና ጠዋት በቫኪዩም ወይም በብሩሽ አንሡት። ቀበቶውን ደግሞ እንዲህ ነው የማጥበው። እስከ መጨረሻው ስቤ አወጣዋለሁና እንዳይመለስ ከላይ በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አደርጋለሁ። ለስላሳ ብሩሽ ነክሬ በክሩ አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች አሸዋለሁ። በእርጥብ ጨርቅ ሳሙናው እስኪያልቅ ደጋግሜ እጠርገዋለሁ። ከዚያ በጥላ፣ ተዘርግቶ እንዳለ ይደር። ውስጡ እርጥበት ይዞ ከተጠቀለለ ሻጋታው ይመለሳል። እኔ ማታ አጥቤ መቆንጠጫውን ጠዋት ነው የማነሣው፣ በእጄ ዳስሼ መድረቁን ካረጋገጥኩ በኋላ።